ሆደ ሰፊው

ስሜ ጥጋቡ ነው።
አባቴ ያወጣው፣ ምርቱ የሰመረ ዓመት፣
ጎተራው ጠቦት ጎረቤት ቀስቅሶ በሌሊት።

አሁን በርገን ውስጥ፣ ሰማይ ሁሌ በሚያፈስበት፣
ሆዴ እንቁላል አክሏል፤ የቀረው የት እንደሄደ አልጠየቅኩበት።
ከመቶው ሰማንያውን ሐኪሙ ቆርጦ ጣለው፤
ሃያው እንደ አዲስ ተከራይ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ተሳቆ ነው ያለው።

ዘመዶቼ ድሮ «ሆደ ሰፊ» ይሉኝ ነበር፣
ሲሰድቡኝ የምስቅ፣ ዝም ብዬ የምሸከም ነገር።
እንግዲህ ምን ልባል ነው? ሆደ ጠባብ? ሆደ ቢስ?
ትዕግሥቴንም አብሮ ቆርጦት ይሆን፣ በዚያ ስል መቀስ?

ማክሰኞ ነው። ከፈረቃ ወጥቼ፣ የትራሙን ቁልፍ አስረክቤ፣
ፋርማሲው መደርደሪያ ፊት ቆሜአለሁ፣ ጃንጥላዬ እያንጠባጠበ፣ ግራ ገብቶኝ ልቤ።
ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤
ድሮ ሆቴል ገብቼ ሜኑ ሳነብ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም ሆዴ።

ቀዩ ብረት ነው ይላል። ብረት! እኔ ብረት የማውቀው
ሐዲድ ነው፣ ከጧት እስከ ማታ በላዩ የምመላለሰው።
አሁን ልውጠው ነው፣ ሐዲዱን በትንሽ በትንሹ፣
የተረፉት ጠጉሮቼ ከማበጠሪያው ጋር እንዳይሸሹ።

ግን ብረትና ካልሲየም አንድ ገበታ አይቀርቡም፤
እንደተካሰሱ ወንድማማቾች ናቸው፣ በአንድ በር አይገቡም።
«ሁለት ሰዓት ይራራቁ» አለች ባለሙያዋ ቶሪል፣
እጇን እንደ ዳኛ ከፍላ፣ «አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ» ስትል።
እንግዲህ ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ ሰዓት እያየሁ አስማማለሁ፤
ሻይ ያማረኝ እንደሆን ከብረቱ ተደብቄ እጠጣለሁ።

ደግሞ ካልሲየሙ ራሱ ሁለት ዓይነት፦ ሲትሬት፣ ካርቦኔት።
«ሲትሬቱ ይሻልሃል፣ የጨጓራህ አሲድ አንሷል» አለች፤ እኔም በሆዴ፦
እሰይ! ቃር ብቻ ነበር ያተረፈልኝ ያለፈው ሕይወት።

ድብ መስሎ የተሠራ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት
ከረሜላ ቫይታሚን አየሁና፣ እጄ ሄደ ሳላዝበት።
ቶሪል ራሷን ነቀነቀች፦ «እሱ ብረት የለበትም፤
ያጣፍጣል፣ ያታልላል፤ ላንተ አካል አይበቃም።»
ጄላቲኑም የአሳማ ነው። ትንሿን ጽሑፍ ሳነባት
ድቡን ወደ ወንድሞቹ መለስኩት፣ ይቅርታ ብዬ፣ በትሕትና፣ በሐዘኔታ።

ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከበግ ጠጉር ቅባት ነው አለችኝ፤
ጾም ገብቷል፤ ለቀሲስ መዝሙር ደወልኩ፣ እንዲፈቱልኝ።
«አባ፣ የበግ ጠጉር ፍስክ ነው?» ዝም አሉ፤ ቆዩ፤ ሳቁ፤
«ካፖርትህን በጾም ታወልቃለህ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ቢ አሥራ ሁለትን አልተከራከርኩም። ከምላስ ሥር ነው የሚያድረው፣
እንደ ምሥጢር ቀስ ብሎ የሚሟሟው።
የስታቫንገሯ ትርሲት «ድኛለሁ» ብላ ብልቃጡን ጣለችው፤
በሁለተኛው ዓመት እግሯ ወለሉን ረሳው።
ደረጃ ስትወርድ አሁን ዓይኗ ነው የሚመራት፤
ባለፈው ሳገኛት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ እያለች ነበር፣
እኔም የማወራው ጠፍቶኝ ስለ አየሩ አወራኋት።

ለማዘዣው ስሜን ጠየቀች ቶሪል። «ጥጋቡ።»
«ትርጉም አለው?» ከኋላዬ ሰዎች ጃንጥላቸውን ሲያራግቡ።
ምን ልበላት? ምርቃትም ስድብም የሆነውን
ትቼ፣ «ሜት» አልኳት፣ እነሱ ከማዕድ ሲነሡ የሚሉትን።
«በስንት ማንኪያ?» አለች። «በሦስት» አልኩ። ሳቀች፤ ሳቅኩ፤
ብዙም አልቆየሁበት፤ በሳቅም ቶሎ ጠገብኩ።

አሁን ቤቴ ነኝ። መስኮቱ ያለቅሳል። ስልኬ ይጮኻል።
ካልሲየሙ ደርሷል፤ ብረቱ ግን ሁለት ሰዓት ሊሞላው አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።
ክኒኑን መዳፌ ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ።
ሆደ ሰፊ አይደለሁ? እችላለሁ።